የደንበኛ ፋይልና የፖርታል መግቢያ በትንሽ የጥብቅና ቢሮ፦ ማን ምን ማየት አለበት?

ማርቆስ_ጽሕፈት

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የጥብቅና ቢሮ እሠራለሁ። ጠበቆቹ ሦስት ናቸው። እኔ ፋይል እይዛለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ቀጠሮ እከታተላለሁ። አንድ ተለማማጅ ልጅም አለን። ሥራው መቼም የታወቀ ነው፤ አብዛኛው የገጠር መሬትና ውርስ፣ ቀጥሎ ባልና ሚስት፣ ቀጥሎ ብድርና ውል። ደንበኞቻችን ከሉማሜም፣ ከደጀንም፣ ከቢቸናም ይመጣሉ። አሁን አሁን ደግሞ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው ናቸው ጉዳዩን የሚከታተሉላቸው።

እስካሁን ፋይል ማለት ለእኛ መደርደሪያ ላይ በስም የተደረደረ ቦክስ ፋይል ነው። ሰነድ ሲፈለግ በስልክ ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ይላካል። አሁን ጠበቆቹ ደንበኛው ራሱ እየገባ ቀጠሮውንና ሰነዱን የሚያይበት ፖርታል ይኑረን ብለው ወስነዋል። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት በወርሃዊ ክፍያ ሊያስገባልን ነው። ኮምፒውተሩ አያስፈራኝም፣ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ከወንድማቸው ጋር በአባታቸው መሬት ተካሰው ፋይል ከፈትንላቸው። ቀጠሮ ልነግራቸው ፋይሉ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ወጣት ልጅ ነው። «አክስቴ እርሻ ናት፣ ለእኔ ንገሪኝ» አለ። አክስቴ ሲል ደነገጥኩ። ማን ነህ ስለው የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ማለትም የተከሳሹ ልጅ! ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው፣ እሳቸው ስልክ የላቸውም፣ ሲመዘገቡ የሰጡት የእሱን ነው። «ሌላ ቀን እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ግን ፖርታሉ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ የመግቢያ ኮዱ በቀጥታ እሱ እጅ ነበር የሚገባው። የምስክሮቹ ስም፣ እሳቸው ለጠበቃው የተናገሩት ቃል፣ ለመታረቅ የሚስማሙበት መጠን፣ ሁሉም እዚያው ፋይል ውስጥ ነው ያለው።

እና እባካችሁ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ምከሩኝ። ለእንዲህ ዓይነት ደንበኛ መግቢያ ይሰጣል ወይ? ከእኛስ ማን የቱን ፋይል ይክፈት? መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋስ ምን ይኮናል?

ጠበቃ_ከባሕር_ዳር

እህቴ፣ ምንም ሳትነግሪው ስልኩን መዝጋትሽ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ያለው ቢሮ ፖርታሉንም በደንብ ይይዛል።

ከሕጉ ልጀምር፣ ለአለቆችሽ ስታስረጂ ይጠቅምሻል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል ሲያደርግ ጠበቃና የሕግ አማካሪን በግልጽ ይጠራል። ይህ የቆየ ነው። አዲሱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ ለምን እንደያዘው፣ ማን እንደሚያየው፣ እንዴት እንደሚጠብቀው መልስ ሊኖረው ይገባል ይላል። መረጃው ከወጣ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለ። «እኛ ትንሽ ቢሮ ነን» የሚለው አያስኬድም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ጉዳዩ የሚወሰነው ደንበኛው ቢሮ በመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እኛ ጋ ደንበኛ ሲመዘገብ አብሮት የመጣው ሰው ለትንሽ ጊዜ ውጭ ይቆያል። ልጅም ይሁን ጎረቤት፣ ይቆያል። ቅር የሚለው አለ፣ ግን በትሕትና ከተነገረው ይረዳል። ከዚያ ደንበኛውን ብቻውን እንጠይቃለን። ይህ ስልክ የማን ነው? ሌላ ሰው ያነሳዋል? መልእክት ቢመጣ ማን ያነብልዎታል? ጉዳዩን ለማን እንዳንናገር ይፈልጋሉ? ይህን የመጨረሻውን ቢሮዎች ሲጠይቁ አላይም፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እዚህ አገር መሬት የሚካሰሰው ባዕድ አይደለም። ወንድም ከእህት፣ የእንጀራ እናት ከልጅ ነው። ፋይልሽን ሊያይ የሚፈልገው ሰው ሩቅ አገር ያለ ሌባ ሳይሆን አንድ ምጣድ እንጀራ የሚበላ ዘመድ ነው። ስለዚህ መልሱን ጻፊው፣ ደንበኛው ይፈርምበት ወይም አሻራ ያኑርበት።

ለእኚያ እናት የፖርታል መግቢያ አትስጪ። ፖርታል የደንበኛው ምርጫ ነው፣ ግዴታ አይደለም። አንብበው ለማይረዱና የራሳቸው ስልክ ለሌላቸው ሰዎች እኛ በአካል እንነግራለን። በስልክ ከሆነ ደግሞ ምዝገባው ቀን የተስማማንበት የምስጢር ቃል አለ። ያንን ካልጠሩ «ቢሮ ብቅ ይበሉ» ብቻ ነው የምንለው።

ውጭ አገር ላሉ ልጆች ውክልናውን አይተሽ ነው የምትከፍቺው። ውክልናውን ደግሞ አንብቢው! ቤት እንዲሸጥ ወይም ኪራይ እንዲሰበስብ የተሰጠ ውክልና የክርክር ፋይል ለማየት አይበቃም። ወካዩ ውክልናውን ሲሽር መግቢያውም በዚያው ቀን ይዘጋ። አባትየው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ውክልና ሲያዛውሩ አሮጌው መግቢያ ክፍት ሆኖ የቆየበት ቢሮ አውቃለሁ፣ የተፈጠረው የቤተሰብ ጠብ ቀላል አልነበረም።

አሁን ምን ይጫን ለሚለው። የእኔ መስመር ግልጽ ነው። ለፍርድ ቤት የገባና ለባላጋራው የደረሰ ነገር ፖርታል ላይ ይውጣ። ክስ፣ መልስ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ቀጠሮ፣ የከፈለበት ደረሰኝ። እነዚህ ቢወጡም ባላጋራው ቀድሞ ያያቸው ናቸው። ደንበኛው ለጠበቃው የነገረው ቃል፣ ገና ያልቀረበ የምስክር ዝርዝር፣ ለእርቅ የታሰበ መጠን፣ የጠበቃው ማስታወሻ ግን ደንበኛው በሚያየው ገጽ ላይ ጭራሽ አይገባም። ምስክር ገጠር ነው የሚኖረው። ስሙ ቀድሞ ከወጣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ይለመናል፣ ይፈራል፣ በቀጠሮው ቀን ይቀራል። ይህን በአንድ መዝገብ ያየ ጠበቃ ሁለተኛ አይደፍረውም።

ከእናንተ መሃል ማን ይክፈት ላልሽው፣ ጉዳዩን የያዘው ጠበቃና አንቺ። ሌሎቹ ጠበቆች የተከራካሪዎቹን ስም ብቻ ይዩ። ያንን ማየታቸው ግድ ነው፣ ምክንያቱም በትንሽ ከተማ ሁለቱም ወገን አንድ ቢሮ ሊመጡ ይችላሉ፣ የጥቅም ግጭት መኖሩን ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ማጣራት አለባችሁ።

ቡሬ_ሲስተም

ጠበቃው ዋናውን ብለውታል። እኔ ከኮምፒውተሩ ወገን ልጨምር። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ለትንንሽ ቢሮዎች ሲስተም እዘረጋለሁ፣ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሰው ከማይጠብቀው ቦታ ነው።

መጀመሪያ ስም። ፋይሉ በስም ብቻ ከተደረደረ ኮምፒውተር ላይ ትቸገሪያለሽ። አንዱ «ኃይለ ማርያም» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይለማርያም»፣ ሦስተኛው «ሃይለማሪያም»። ለእኛ አንድ ነው፣ ለሲስተሙ ግን ሦስት ሰው ነው። ፀሐይና ጸሀይም እንደዚያው። ፍለጋ ላይ አይመጣም፣ «ፋይል የለውም» ተብሎ አዲስ ይከፈታል፣ ከዚያ የአንድ ሰው ሰነድ ሁለት ቦታ ይበተናል። የጥቅም ግጭት የምታጣሩትም በስም ስለሆነ እሱም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የቢሮውን ቁጥር ስጪ፣ የፍርድ ቤቱን የመዝገብ ቁጥር ከጎኑ አስገቢ፣ ስም እስከ አያት በመታወቂያው ላይ እንዳለ ይጻፍ። ፋይዳ ያለው ደንበኛ ከሆነ 12 አሃዙ ቁጥር ሰውየውን ይለይልሻል። የፖርታሉን ሻጭ ደግሞ «ሀ፣ ሐ እና ኀ ብዬ ስፈልግ እኩል ያመጣል ወይ?» በይው። ፊት ለፊትሽ ያሳይሽ።

ሁለተኛው ሰዓትና ቀን ነው፣ ይህ ለእናንተ ሥራ የሞት ሽረት ነው። ብዙ ፖርታል በፈረንጅ ሰዓትና አቆጣጠር ነው የተሠራው። ጠዋት 3 ሰዓት የሚለውን ቀጠሮ 3:00 ብለሽ ካስገባሽው ማስታወሻው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በትክክል 9:00 ብለሽ ብታስገቢው ደግሞ ደንበኛው 9 ሰዓት ብሎ ያነብና ችሎቱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ተከሳሽ ከሆነ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ነው። ቀኑም ያው ነው። ጳጉሜን የማይቀበል ሲስተም አይቻለሁ፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። ደንበኛው የሚያየው ገጽ ላይ «ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በፊደል የሚጻፍበት ቦታ ከሌለ ያንን ሲስተም አትግዙት። በጣም አምርሬ ነው የምለው።

መግቢያውን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና የራሱ ፓስወርድ ይኑረው። በአንድ ፓስወርድ አራት ሰው ከገባ ማን ምን እንደከፈተ ማወቅ አይቻልም። ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል እንዳየ የሚመዘግብ መሆኑን አረጋግጪ፣ አልፎ አልፎም ተመልከቺው። ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፣ አራት አምስት የማይገናኙ ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ ጥሩ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ስለማይገኝ በግእዝ ፊደል አታድርጊው። ከፓስወርዱ በላይ ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑር። ለሠራተኞች በኤስኤምኤስ ከሚመጣው ኮድ ይልቅ ስልክ ላይ የሚጫነውና ኮዱን ራሱ የሚያወጣው የኦተንቲኬተር አፕ ይሻላል። ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲም ካርድ ደግሞ ይጠፋል፣ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ሳይሠራ ረጅም ጊዜ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ተመልሶ ይሸጣል። የደንበኛው ቁጥር አሁንም የእሱ መሆኑን ቢሮ በመጣ ቁጥር ጠይቂ፣ ሁለት ቃል ነው።

ቴሌግራም ላይ ሰነድ መላኩን ብታቆሙት ደስ ይለኛል። ተራው ቻት ሰርቨራቸው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈው ሴክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እሱ አይደለም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ኮፒ ቤት ውስጥ ቴሌግራሙን ከፍቶ ሳይዘጋ የሄደ ሰው ስንት ነው? ፍላሽም እንደዚያው። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ዴስክቶፑን አንድ ቀን ቆማችሁ እዩት፣ የሰው ክስ፣ የሰው ኑዛዜ፣ የሰው የፍቺ ማመልከቻ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ትንሽ ፕሪንተርና ስካነር ቢሮ ውስጥ ማስገባት ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

መብራትና ኔትወርክ። የክልላችንን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ዳታ ለወራት የተዘጋበት ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ፖርታሉ ብቸኛው ፋይል መሆን የለበትም። ዋናው ፋይል ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሁን፣ አንድ ቅጂ በተቆለፈ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቢሮው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የኮምፒውተሩ ዲስክ ኢንክሪፕት ይደረግ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ይቆለፍ፤ ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ አብሮት አለ፣ ካልሆነ ቬራክሪፕት በነጻ ይገኛል። የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አኑሩት፣ ቁልፉ ከጠፋ ፋይሉም አብሮ ነው የሚጠፋው። ባክአፑን፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂውን፣ ደግሞ መልሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩት። ሳይሞከር የተቀመጠ ባክአፕ ለክፉ ቀን አያስተማምንም። የሳምንቱን ቀጠሮ ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ በወረቀት አትሚ፣ በቃ።

የሞጣ_ልጅ

እኔ ጠበቃም የኮምፒውተር ሰውም አይደለሁም። ሞጣ ላይ የአባቴን ጉዳይ አዲስ አበባ ሆኜ የምከታተል ነኝ። ከደንበኛው ወገን አንድ ሰው ይናገር ብዬ ነው።

ፖርታል የምፈልገው ለሦስት ነገር ነው። ቀጠሮው መቼ ነው፣ ባለፈው ችሎት ምን ታዘዘ፣ ስንት ከፈልን። ሌላውን ጠበቃው ያውቃል። ግን እነዚህን ሦስቱን ለማወቅ ስደውል ጠበቃው ችሎት ላይ ነው፣ አባቴን ስጠይቃቸው «ተቀጥሯል» ብቻ ነው የሚሉኝ፣ ለመቼና ለምን እንደሆነ አያውቁም። ስለዚህ እህቴ፣ ችሎት በዋለበት ቀን ማታ የታዘዘውን በሁለት መስመር ብትጽፊልን ከየትኛውም ስካን ይበልጥብናል። ፖርታል ተከፍቶ ለሁለት ወር ምንም ካልተጻፈበት ሰው ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ሌላው የኤስኤምኤሱ ጽሑፍ ነው። እኔ የማውቀው ቢሮ «በውርስ ክርክርዎ ላይ አዲስ ሰነድ ገብቷል» ብሎ ይልካል። ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን ፊቱ ላይ ይነበባል። አባቴ ስልካቸውን ለማንም ይሰጣሉ፣ ጠላ ቤትም ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። «ከቢሮ መልእክት አለዎት» ቢል ምን ጎደለ?

ማርቆስ_ጽሕፈት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። የሰዓቱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሻጩ ያሳየን ናሙና ላይ ሁሉም በፈረንጅ ነው። የሞጣው ወንድሜ ያልከውን የኤስኤምኤስ ነገርም ይዤዋለሁ።

ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ዋናው ጠበቃችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ የራስዎ ፓስወርድ ይኑርዎት ስላቸው «አንቺ ክፈቺልኝ፣ እኔ ልይ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ተለማማጁ ደግሞ ሰኔ ላይ ይወጣል፣ ሲሄድ ምን ምን ይዘጋ? ደንበኞች የይዞታ ደብተራቸውን ኦርጅናሉን እኛ ጋ ትተው መሄድ ይወዳሉ፣ «ከቤት ይልቅ እናንተ ጋ ይሻላል» ይላሉ። እንቀበል?

ጠበቃ_ከባሕር_ዳር

ለትልቁ ጠበቃ በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ በእርስዎ ስም እኔ ከገባሁ፣ ነገ አንድ ነገር ቢወጣ መዝገቡ የሚያሳየው እርስዎ እንደከፈቱት ነው።» የቢሮውን ማኅተም ለሌላ ሰጥቶ የሚሄድ ጠበቃ የለም፣ ፓስወርዱም እንደዚያ ነው። ይህን ስነግራቸው እምቢ ያሉኝ አዛውንት የሉም። መክፈት ካስቸገራቸው በአንቺ ስም ገብተሽ አሳዪያቸው፣ የተመዘገበው ስም ያንቺ ይሁን። ዋናው ነገር ማን እንደገባ እውነቱ መጻፉ ነው።

ኦርጅናል አትቀበሉ። የይዞታ ደብተር፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ኑዛዜ፣ የብድር ውል፣ ስካንና ኮፒ ተደርጎ ኦርጅናሉ እዚያው ይመለስ፣ ደንበኛው መረከቡን ይፈርም። ፍርድ ቤት ለማመሳከር ሲጠይቅ በቀጠሮው ቀን ይዞት ይመጣል። ቤቱ የሚያሰጋው ሰው አለ፣ አውቃለሁ፣ ባላጋራው አንድ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደብተሩ ሊሰወር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብቻ በሁለት ቅጂ የርክክብ ሰነድ ፈርማችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ፣ መቼ እንደሚወስደውም ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ደንበኛው ቢሞት ለማን እንደሚመለስም አብራችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ወራሾቹ በአንድ ጠዋት እናንተው በር ላይ ይሰለፋሉ።

ቡሬ_ሲስተም

የሻጩን ነገር ሳልረሳው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሰርቨሩ የት እንዳለ በጽሑፍ ይመልስላችሁ፣ የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ አዋጁ የራሱ ሁኔታዎች አሉት። የእነሱ ሠራተኛ የእናንተን ፋይል መክፈት ይችላል ወይ? ክፍያ ብታቋርጡ ፋይላችሁን በምን መልክ፣ በስንት ቀን ይመልሳሉ? መልሱ «አታስቡ፣ ችግር የለም» ከሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ በሉት።

ተለማማጁ ከመሄዱ በፊት ሳይሆን በሚሄድበት ቀን መግቢያው ይዘጋ፣ ኢሜይሉና የቢሮው ዋይፋይ ፓስወርድም ይቀየር። ስሙን ግን አትሰርዢው፣ ከሰረዝሽው ምን ሲሠራ እንደነበር የሚያሳየው መዝገብም ሊጠፋ ይችላል፣ መግቢያውን ብቻ ዝጊው። ከሁሉም በላይ ስልኩን። በስልክ ፎቶ እያነሳ ሲልክ ከነበረ የደንበኞቻችሁ ሰነድ ጋለሪው ውስጥ ነው ያለው። አብራችሁ ተቀመጡና እየመረጣችሁ አጥፉት፣ ጋለሪው ውስጥ የተሰረዙ ፎቶዎች የሚቆዩበትን ቦታም አጥፉ፣ ጎግል ፎቶስ ላይ የወጣ ካለ እሱንም፣ ቴሌግራሙ ላይ ያሉትን ቻቶችም ከሁለቱም ወገን። ልጁ ምንም ክፋት ላይኖረው ይችላል። ስልኩን ግን በሚቀጥለው ዓመት ይሸጠዋል።